የአያቶቻችን ደም ግፊት የእኛም አማና ነው



ፈተና አልቆ ወደየቤተሰባችን የምንበተንበት ጊዜ ደርሷል። አንዱ ወደ ወሎ፣ አንዱ ወደ ጅማ፣ አንዱ ወደ ሐረር ይሄዳል። እኔም ኢንሻአላህ ወደ የጁቤ እሄዳለሁ። ቤት ስንደርስ የሚጠብቁን ሰዎች አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ በተለይም ዱዓቸው እዚህ ያደረሰን አያቶቻችን። በዚህ እትም ልናገርበት የፈለግሁት የእነሱን ደም ግፊት ነው። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር፦ የአዛውንቶቻችን ደም ግፊት የሐኪም ጉዳይ ብቻ አይደለም። መለካት፣ መመዝገብ፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ መከታተል የተማረው ልጅ ሥራ ነው። የጤና ተማሪ መሆንም አያስፈልግም።

ስሙ ራሱ ያሳስታል

በአማርኛችን ይህን ሕመም «ደም ብዛት» እንለዋለን። ስሙን የሰማ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ደም ከመጠን በላይ እንደሞላ ያስባል። ደም የበዛበት ሰው ደግሞ መፍትሔው ግልጽ ይመስለዋል፤ ጥቂት ይውጣለት! ለዚህ ነው ብዙ አዛውንቶች ዋግምት ተደርጎላቸው ሲመለሱ «አሁን ወጣልኝ፣ ቀለል አለኝ» ብለው ኪኒኑን የሚተዉት። ሐጃማ ሱና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በእሱ ላይ የምናገረው የለኝም። የምናገረው ሐጃማ የየዕለቱን መድኃኒት ይተካል በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። ችግሩ የደሙ ብዛት ሳይሆን ደሙ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ነው። «ደም ግፊት» የሚለው ስም እውነቱን ይናገራል።

ሁለተኛው አሳሳች ቃል «ተነሳብኝ» የሚለው ነው። «ዛሬ ደም ብዛቴ ተነሳብኝ»፣ «አሁን ስላልተነሳብኝ አልዋጥኩም» ሲባል ያልሰማ የለም። በዚህ አነጋገር በሽታው እንደ እንግዳ የሚመጣና የሚሄድ፣ ሲመጣም በራስ ምታት የሚታወቅ ይመስላል። ነገር ግን ከፍተኛ ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ራሱን ያመመው ሰው ሲለካ ትክክለኛ ቁጥር ሊገኝበት ይችላል፤ ምንም ያልተሰማው ሰው ደግሞ 190 ላይ ሆኖ ገበያ ውሎ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ3 አዋቂዎች 1ዱ ከፍተኛ ደም ግፊት አለበት፤ ግማሽ ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም፤ ከ5ቱ 4ቱ በቂ ሕክምና አያገኙም። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች 16 በመቶ ገደማው ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ ቁጥሩም ይጨምራል። አያቶቻችን የሚገኙት ጫፉ ላይ ነው።

ቧንቧው ሲያረጅ

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ነገር ግን ስለ ፈሳሽና ስለ ቧንቧ የተማርነው ነገር ለዚህ ይጠቅማል። ለአያቴም ያስረዳሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ልብ ፓምፕ ናት። በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች። ስትጨመቅ ደሙ ወደ ትልቁ የደም ቧንቧ ይገፋል፤ በዚያች ቅጽበት የሚለካው ከላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ልብ ስታርፍ የሚቀረው ግፊት ደግሞ ከታች ይጻፋል። 140 በ90 ሲባል ይህ ነው። መለኪያው የሜርኩሪ ሚሊሜትር ነው። ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 ጊዜ ስለሚከብድ 140 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ማለት 1.9 ሜትር ከፍታ ያለውን የውሃ ዓምድ የሚያቆም ግፊት ማለት ነው። እንግሊዛዊው ስቴፈን ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው ሥራው በፈረስ የደም ቧንቧ ላይ ረጅም የመስታወት ቱቦ ሰክቶ ደሙ ከ2 ሜትር በላይ ሲወጣ በዓይኑ ማየቱን ጽፏል። ዛሬ በክንድ ላይ የሚጠቀለለውን ማሰሪያ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 አስተዋወቀ፤ በማዳመጫ ሁለቱን ቁጥሮች የመለየት ዘዴውን ደግሞ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ እ.ኤ.አ. በ1905 አሳወቀ። ከሁሉም በፊት ደም ከልብ ቀኝ ክፍል በሳንባ በኩል አልፎ ወደ ግራ ክፍል እንደሚገባ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1288 ካይሮ ውስጥ የሞተው የኛው ሊቅ ኢብኑ ነፊስ መሆኑን ማስታወስም ጥሩ ነው። ልብንና ደምን ማጥናት ለሙስሊም ተማሪ ባዕድ ትምህርት አይደለም።

አሁን ወደ አዛውንቶቹ እንምጣ። በወጣትነት ትልቁ የደም ቧንቧ እንደ ላስቲክ ነው። ልብ ስትገፋ ይለጠጣል፤ ስታርፍ ተመልሶ ይሰበሰባል። ስለዚህ የግፊቱን ጫፍ ያለዝበዋል። በዕድሜ ግን ላስቲኩ ይደርቃል። ደረቅ ቧንቧ አይለጠጥም፤ ልብ የገፋችው ሙሉ ኃይል እንዳለ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ላይኛው ቁጥር ይወጣል፤ ታችኛው ባለበት ይቆያል ወይም ይወርዳል። ለዚህ ነው በአዛውንቶች ዘንድ 170 በ70 የመሰለ ውጤት የሚበዛው። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ «ታችኛው ደህና ነው» ብሎ ይጽናናል። በአዛውንት ላይ የላይኛው ቁጥር ብቻውን ከፍ ማለቱ ራሱ ሕመም ነው።

ትንንሾቹ ቧንቧዎች ደግሞ ሲጠቡ ሌላ ችግር ያመጣሉ። በፈሳሽ ትምህርት እንደተማርነው በቀጭን ቧንቧ ውስጥ በዝግታ የሚፈስ ፈሳሽ የሚገጥመው ተቃውሞ ከቧንቧው ራዲየስ አራተኛ ኃይል ጋር ተገላቢጦሽ ነው። ራዲየሱ 10 በመቶ ብቻ ቢጠብ ተቃውሞው 50 በመቶ ያህል ይጨምራል። ያንኑ ደም ለማድረስ ልብ የግድ አብዝታ ትገፋለች። ለዓመታት አብዝታ የገፋች ልብ ጡንቻዋ ይወፍራል፤ በመጨረሻም ይደክማል። በአንጎል ውስጥ ያለው ቀጭን ቧንቧ ይፈነዳል ወይም ይደፈናል፤ ስትሮክ የምንለው ይህ ነው። ኩላሊት ያጣራ የነበረውን ማጣራት ያቅተዋል። ዓይን ይደክማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል።

«በዚህ ዕድሜ ምን መድኃኒት!»

ከአዛውንቶች ጋር ስለ መድኃኒት ስናወራ ሦስት መልሶች ይመጣሉ።

የመጀመሪያው «እኔ አርጅቻለሁ፣ ለዚህ ዕድሜ ምን መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ለእናንተ ይሁን» የሚል ነው። ከትሕትና የመጣ ቃል ነው፤ ግን እውነት አይደለም። 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው፣ ላይኛው ቁጥራቸው ብቻ ከፍ ባለ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ በወጣ የአሜሪካ ጥናት መድኃኒት የወሰዱት ሰዎች በስትሮክ የመያዛቸው ዕድል በ36 በመቶ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ከ3,800 የሚበልጡ ሰዎች ይዞ ነበር። መድኃኒት በወሰዱት ዘንድ በማንኛውም ምክንያት የሚመጣ ሞት በ21 በመቶ፣ የልብ ድካም ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶ ስለተገኘ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደርጓል። ለ80 ዓመት አዛውንት የደም ግፊት መድኃኒት ትርፍ ነገር አይደለም። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ ነገር ግን የቀረውን ዕድሜ በእግር እየሄዱ ወደ መስጂድ መመላለስና አልጋ ላይ ሆኖ በሰው እጅ መገልበጥ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው መልስ «የአላህ ቀደር ነው» የሚል ነው። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሰሐቦች ስለ መድኃኒት ሲጠይቋቸው እንዲታከሙ፣ አላህ ላወረደው ሕመም ሁሉ መድኃኒትም እንዳወረደ ነግረዋቸዋል። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው የሰጡትን መልስም በመድረሳ ገና በልጅነታችን ተምረናል፤ መጀመሪያ ማሰር፣ ከዚያ መመካት። ኪኒኑ ግመሉን ማሰሪያ ገመድ ነው።

ሦስተኛው «መድኃኒቱን አንዴ ከጀመሩት አይለቅም፣ ሱስ ያደርጋል» የሚለው ነው። ኪኒኑ ሱስ አያሲዝም። ለረጅም ጊዜ የሚወሰደው የቧንቧው መድረቅ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ነው። መነጽር ያደረገ ሰው ሲያወልቀው እይታው ተመልሶ ቢደበዝዝ መነጽሩ ሱስ አስያዘው አንልም።

በሰፈራችን ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉ፣ ሱብሒን በጀመዓ የማያሳልፉ ሰው ናቸው። ደም ግፊት እንዳለባቸው ተነግሯቸው የአንድ ወር ኪኒን ተሰጣቸው። ዋጡ፤ ደህና ሆኑ። ኪኒኑ ሲያልቅ «ድኛለሁ» ብለው ተዉት። ከወራት በኋላ አንድ ጎህ ሲቀድ ለውዱእ ጀበናውን ሲያነሱ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ሊጣሩ ቢሞክሩ አፋቸው ተሳሰረ። ዛሬ በሕይወት አሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ጁሙዓን የሚያደርሷቸው ሁለት ልጆቻቸው ደግፈዋቸው ነው። ልጃቸው «ኪኒኑ እንዳያልቅ ማሰብ ማን ነበረበት?» ብላ የጠየቀችው ጥያቄ ከአእምሮዬ አይወጣም። ከልጆቻቸው ሦስቱ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል።

ጨው፣ ቡናና የጉልበት ኪኒን

የእኛ የጁቤ በታሪክ ከጨው ጋር ትውውቅ አላት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ የሚባለው ትልቅ ገበያ እዚያው ነበር። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ሙስሊም ነጋዴዎች ከሰሜን አሞሌ ጨው ይዘው ይመጣሉ፤ ከአባይ ማዶ ቡናና ሌላውም ሸቀጥ ይመጣል። አሞሌው ገንዘብም ነበር። ከአፋር ምድር ተነስቶ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሲደርስ ዋጋው ከፍ ስለሚል ጨው በቁጠባ የሚበላ ነገር ነበር። ዛሬ ጨው ከሁሉም የረከሰ ሸቀጥ ሆኗል፤ የእጃችን አጣጣል ግን የረከሰውን ያህል በዝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲወስድ ይመክራል። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ልኩን የሞላ ነው። ከላይ በጠቀስኩት የ2015 አገር አቀፍ ጥናት የኢትዮጵያውያን አማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። ጨው ሰውነት ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ በደረቀ ቧንቧ ውስጥ የፈሳሹ መጠን ትንሽ ሲጨምር ግፊቱ ብዙ ይወጣል። ለዚህ ነው ጨው ከወጣት ይልቅ አዛውንትን የሚጎዳው።

የእኛ ጨው የሚመጣው ከታሸገ ምግብ ሳይሆን ከገዛ ወጥ ቤታችን ነው። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባል፤ ሽሮ ሲዘጋጅ ይገባል፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፤ ከዚያ በማዕድ ላይ ሚጥሚጣ ይመጣል፤ እሱም ጨው አለው። በገጠራችን ቡናም በጨው የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤት የምትገቡ እህቶችም ወንድሞችም፣ አዎ ወንድሞችም፣ አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ትችላላችሁ፤ በርበሬውና ሽሮው ጨው ካለው ወጡ ላይ አትድገሙ፤ የቡናውን ጨው አስቀሩ። አዮዲን ያለውን ጨው ግን ሙሉ በሙሉ መተው አይገባም። አዮዲን እንቅርትን ይከላከላል፤ በአገራችንም ጨው አዮዲን እንዲኖረው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ሆኗል። መቀነስ ነው እንጂ መጣል አይደለም።

ሁለት ነገሮች ልጨምር። አንደኛ፦ ብዙ አዛውንቶች ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየገዙ ይውጣሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ፤ የግፊቱን መድኃኒት ኃይልም ይቀንሳሉ። አያታችሁ መድኃኒታቸውን በትክክል እየወሰዱ ቁጥሩ አልወርድ ካለ ትራስጌያቸው ያለውን የሕመም ማስታገሻ እዩ። ሁለተኛ፦ ጫት ልብን ያፋጥናል፣ ቧንቧን ያጠብባል፣ ግፊትን ያወጣል። ዱዓ የሚደረግበት መቀመጫ ላይ ሆነ በሌላ ቦታ፣ ለሰውነት ሥራው አንድ ነው። ስለ ሽፈራው፣ ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ ጥቁር አዝሙድ ለሚጠይቁም መልሴ አጭር ነው፤ እንደ ምግብ ይውሰዷቸው፤ ኪኒኑን ግን አይተኩም።

ሶላትና ጾም

ለደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱ አዛውንቶች አንዳንዶቹ ድንገት ሲነሱ ግፊታቸው ይወርዳል፤ ዓይናቸው ይጨልማል፤ ይወድቃሉ። በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ ላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪም ማወቅ አለበት። እኛ ሙስሊሞች በቀን አምስት ጊዜ ከሱጁድ ወደ ቂያም እንነሳለን። አያታችሁ ከሱጁድ ሲነሱ ግድግዳ የሚደግፉ ከሆነ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ኪኒኑን በራሳቸው እንዳይተዉም አድርጉ። መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው፤ እስከዚያው ቀስ ብለው ይነሱ። መቆም ያቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቅደዋል። አዛውንቶቻችን ወንበር ላይ መስገድ የሚያፍሩበት ነገር እንዳይሆን ማድረግ ደግሞ የኢማሞቻችንና የእኛ ሥራ ነው። በአዛውንት የተሰበረ የዳሌ አጥንት ቀላል ነገር አይደለም።

ረመዷን ሲመጣ ብዙዎቹ ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒቱን ለአንድ ወር ያቋርጣሉ። ይህ አያስፈልግም። አብዛኛው የደም ግፊት ኪኒን በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱ ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ሊዛወር ይችላል። ሽንት የሚያበዛው ዓይነት በሱሑር ከተወሰደ ቀኑን ሙሉ ሊያስጠማ ስለሚችል ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መወሰን ይገባል። ይህ ውይይት ረመዷን ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በሸዕባን መደረግ አለበት። ሐኪሙ «ጾም ይጎዳዎታል» ካለ ደግሞ ለሕመምተኛ የተሰጠው ሩኽሷ በሱረቱል በቀራ የተቀመጠ የአላህ እዝነት ነው። አዛውንቱ ሩኽሷውን ከልጅ ልጃቸው ይልቅ ከሸኻቸው ቢሰሙት ይቀበሉታል፤ ሸኹን ቀድሞ ማናገር የእኛ ፋንታ ነው።

«አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ»

ቤት ስንደውል የምንጠይቀው «ደህና ናችሁ?» ብለን ነው። የሚመለሰው ሁልጊዜ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አንተ ብቻ ተማር» የሚል ነው። አልሐምዱሊላህ ምስጋና ነው፤ ልኬት ግን አይደለም። አያቴ ሆዷን እያመማትም «አልሐምዱሊላህ» ነው የምትለው፤ እንዲያውም ያኔ አብዝታ ትለዋለች። ስለዚህ ጥያቄያችን መቀየር አለበት። «እማ፣ የዚህ ሳምንት ቁጥር ስንት ነው? ኪኒኑ ስንት ፍሬ ቀረ?» ብለን እንጠይቅ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋባቸው ሳምንታት እንዳሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለእኛ ሰፈር አዛውንቶች «ስንት ፍሬ ቀረ» የሚለው ጥያቄ ዋዛ አይደለም። መንገድ ክፍት ሲሆን ሐኪሙ ከፈቀደ የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት አስቀድሞ መያዝ ብልህነት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል።

እንግዲህ በዚህ ዕረፍት እንድናደርግ የምጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ እንለካ። ከአንድ አካባቢ የሚሄዱ ተማሪዎች ተዋጥተው አንድ በክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል መለኪያ ይግዙ፤ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ያን ያህል አስተማማኝ ስላልሆነ እሱን ይተዉት። አለካኩ ሥርዓት አለው። ከመለካታቸው በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፤ ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡ፤ ጀርባቸውን ደግፈው፣ እግራቸውን መሬት አስነክተው፣ ለ5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ማሰሪያው ባዶ ክንድ ላይ፣ ከልብ ትይዩ ይሁን። በመሃል አይነጋገሩ። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ጻፉ። በአንድ ቀን ልኬት ማንንም ሕመምተኛ አትበሉ፤ በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እናቶቻችን ክንዳቸውን ለወንድ መግለጥ ይከብዳቸዋልና እህቶቻችን ይህን ሥራ በግንባር ቀደምነት ቢይዙት ብዙ በር ይከፈታል።

ሁለተኛ፣ እንመዝግብ። አንድ ትንሽ ደብተር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሁለቱ ቁጥሮች፣ የኪኒኑ ስም። አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ኢናላፕሪል የሚሉት ስሞች ለአያቶቻችን የማይያዙ ናቸው፤ «ነጯ ኪኒን» ነው የሚሉት። ነጭ ኪኒን ደግሞ ብዙ ነው። የጎንዮሽ ችግር ካለም ይጻፍ። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል። ብዙ አዛውንት ለሐኪም ሳይናገር ኪኒኑን የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቢናገር ግን የሚለወጥ መድኃኒት አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ሦስተኛ፣ ወጪውን እናስብ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከክልላችን ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ደርሷል። የቤተሰባችን መታወቂያ መታደሱን እንጠይቅ። መዋጮውን መክፈል ያቃታቸው የሰፈራችን አዛውንቶች ካሉ ለአንድ ጀመዓ ይህን መሸፈን ሰደቃ ነው።

አራተኛ፣ አደጋውን እንወቅ። ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ወይም ቁጥሩ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ካለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው። ለእኛ አካባቢ የጁቤም፣ ቢቸናም፣ ሞጣም፣ ደብረ ማርቆስም ሆስፒታል አለ። «እስኪነጋ እንይ» አይባልም። ቤት ውስጥ ግፊቱን በፍጥነት ለማውረድ ተብሎ ኪኒን ከምላስ ሥር ማድረግም አይገባም፤ ድንገት የወረደ ግፊት ራሱ አንጎልን ደም ያሳጣል።

«ይህ የጤና ተማሪዎች ሥራ ነው» የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ። በጀመዓችን ያሉ የሕክምናና የነርስ ተማሪዎች እንዲያሠለጥኑን እኔም እጠይቃለሁ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ነገር ግን እነሱ ወደ እያንዳንዳችን ቤት አይመጡም። ወደ አያቴ ቤት የምገባው እኔ ነኝ። «ብር እልካለሁ» የሚሉም አሉ፤ አላህ ይቀበላቸው። ብር ኪኒን ይገዛል፤ ኪኒኑ መዋጡን ግን አያይም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ እሱን ብቻ እንድንገዛ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ያስከተለው ለወላጆች በጎ መዋልን፣ በተለይም እርጅና ሲደርስባቸው ለስለስ ብለን መነጋገርን ነው። በእርጅና ጊዜ በጎ መዋል ስንል እጅ መሳምና ጋቢ ገዝቶ መሄድ ብቻ እንዳይመስለን። እግራቸው ሥር ተቀምጦ፣ ክንዳቸውን በቀስታ ይዞ፣ ቁጥሩን አንብቦ ደብተር ላይ መጻፍም በጎ መዋል ነው። ጀመዓችን ከዕረፍት ሲመለስ በሚደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ ስንት አዛውንት እንደለካን፣ ስንቱ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሄዱ እንድንጠያየቅ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አላህ ለወላጆቻችንና ለአያቶቻችን ዓፊያን ይስጥልን፤ ለታመሙት ሺፋን ይወፍቅልን፤ እኛንም አማናችንን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።